የአንጀት ካንሰርና መቋሚያዬ

ሰው ጥርሱን ሲያመው ገበያ መሐል ያወራል። ወገቡን ሲያመው ጎረቤቱን ያማክራል። መጸዳጃ ቤት ገብቶ ያየውን ነገር ግን ለሚስቱም አይነግርም። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ አፍሮ ዝም ያለ አንድ ሰው አንብቦት ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ቢሄድልኝ ብዬ ነው። አንድ ሰው ከሄደ ድካሜ ተከፈለ።

የምኖረው ከወረታ ወጣ ብሎ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ሥራዬ የአቋቋም መምህርነት ነው። አቋቋም ካህናት በማሕሌት ጊዜ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ እየተወዛወዙና እያሸበሸቡ የሚዘምሩበት ሥርዓት ነው። ተማሪውም ጎረቤቱም «የኔታ» ይለኛል። ከትምህርቱ ጎን ሩዝ እዘራለሁ፤ ጥቂት ከብትም አለችኝ። ዕድሜዬ ሃምሳዎቹን አጋምሷል። እስከዚያ ዓመት ድረስ ከወባ በቀር በሽታ የሚባል አላውቅም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በዐቢይ ጾም ነው። ሆዴ አንድ ሰሞን ይደርቃል፣ አንድ ሰሞን ይላላል። አንድ ቀን ሰገራዬ ላይ ደም አየሁ። ጾሙ ነው፣ በርበሬው ነው አልኩና ተውኩት። ፋሲካ አልፎም ደሙ አልተወኝም። አንዳንዴ ለሳምንት ይጠፋና ዳንኩ ስል ይመለሳል።

ለብርቄ አልነገርኳትም። ብርቄ ባለቤቴ ናት። አብረን ስንኖር የልጅ ሞትም የጎርፍ ዘመንም ያየን ነን፤ ይሄ ግን ከአፌ አልወጣ አለ። እሷ ያየችው ቀበቶዬን ነው። አንድ ጠዋት ስታጠብቅልኝ እጇ ቆመ።

«አንቱ፣ ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ምን ሆነው ነው እንዲህ የቀጠኑት?»

«ሆዴን ትንሽ ቆረጠኝ።»

«ትንሽ ቆረጠኝ ብለው ነው ወር ሙሉ የሚከሱት?»

ወረታ አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። መቀመጫው በሰው ተሞልቶ ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ትኩሳት ያለባት ልጇን በነጠላዋ ታራግባለች። ተራዬ ሲደርስ «ሆዴን ይቆርጠኛል» አልኩ እንጂ ሌላ አልተናገርኩም። ሰገራ ተመረመረ፤ አሜባ ነው ተባለና ክኒን ተሰጠኝ። ክኒኑን ጨረስኩ፤ ለውጥ የለም። ሌላ ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለ። ሦስተኛው ደምህ አንሷል ብሎ የደም ማበልጸጊያ ሽሮፕ አዘዘ። ሽሮፑ ሰገራን ያጠቁራል፤ ስለዚህ ደሙን እንኳ እንደ ልብ ማየት አቃተኝ። ሐኪሞቹን አልወቅስም። ለጠየቁኝ የመለስኩት ግማሹን ነው፤ እነሱም በግማሹ ላይ ተነሥተው አከሙኝ።

ክረምቱ ገባ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን አለበሰው፤ እኛም እንደ ወትሮው በጭቃ ውስጥ ሩዝ አረምን። እኔ ግን አንድ መደብ ሳልጨርስ ዳር ወጥቼ እቀመጥ ጀመር። በፍልሰታ ማሕሌት ቆሜ ሳለ ጉልበቴ ከዳኝ። መቋሚያው ባይደግፈኝ ኖሮ ኅብስት እስከሚጋገርበት ቤተ ልሔም ድረስ በሰው ትከሻ እሄድ ነበር። አጠገቤ የነበሩት ካህን ክንዴን ይዘው በጆሮዬ፣ «የኔታ፣ ይህ የጾም ድካም አይደለም» አሉኝ። ቃላቸው ከድካሙ ይልቅ አስደነገጠኝ።

ሴት ልጄ ማስተዋል ወረታ ከተማ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ትሠራለች። ነገሩን ስትሰማ መጥታ ያለ ብዙ ንግግር ወደ መንግሥት ሐኪም ቤት ይዛኝ ሄደች። እዚያ ያገኘሁት ሐኪም ዕድሜው ከልጄ አይበልጥም። የዓይኔን ቆብ ገልጦ አየና ወረቀቱን ሳይነካ ጠየቀኝ።

«አባቴ፣ ሰገራዎ ላይ ደም አይተው ያውቃሉ?»

ማስተዋል አጠገቤ ናት። ወደ እሷ አየሁ። እሱም ገባውና «እስኪ እህቴ፣ አንድ ጊዜ ውጭ ጠብቂን» አላት። በሩ ሲዘጋ ሁሉንም ነገርኩት፤ ከዐቢይ ጾም ጀምሮ። ስናገር ላብ አጠመቀኝ። እሱ ግን ስለ ዝናብ እንደማወራው ሁሉ ረጋ ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ጓንት አጥልቆ በጣቱ መረመረኝ። ማፈሬ አልቀረም፤ ግን ቶሎ አለቀ። «ይህን ነገር በካሜራ ማየት አለብን። ባሕር ዳር እልክዎታለሁ። እንዳይቆዩ» አለኝ።

ባሕር ዳር ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በታች በኩል አስገብተው አንጀቴን አዩ። የሚያደነዝዝ መድኃኒት ስለሰጡኝ ብዙም አላስታውስ። ያዩትን ዕጢ ቆንጥረው ናሙና ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው የከበደኝ። ሐኪም ቤት አግዳሚ ላይ የሚጠብቅ ሰው የሰውን ፊት ማንበብ ይለምዳል፤ ከክፍሉ የሚወጣው ሁሉ ምን እንደተባለ ከአረማመዱ ያስታውቃል። እኔ ስወጣ ሰው ምን አንብቦብኝ እንደሆነ አላውቅም። የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው ተባልኩ፤ እኛ ነቀርሳ የምንለው።

ቀዶ ሐኪሙ ግን ቃሉን ጥሎብኝ ዝም አላለም። «ዕጢው አንድ ቦታ ነው ያለው። ጉበትዎም ሳንባዎም በምርመራው ንጹሕ ነው። ቆርጠን እናወጣዋለን። ከዚያ ኬሞ የሚባለውን፣ የቀረ ርዝራዥ ካለ የሚያጠፋውን መድኃኒት በደም ሥር እንሰጥዎታለን። የሚድን ሰው ነዎት፤ ካልዘገዩ» አለና ቀን ቆረጠልኝ።

ቤት ስንመለስ አገሩ ሁሉ ሐኪም ሆኖ ጠበቀኝ። «ነቀርሳ ብረት ከነካው ይዛመታል» የማይል አልነበረም። የብርቄ ታላቅ እህት እንባዋን እያፈሰሰች፣ «ሆዱን ካስቀደዳችሁት ሬሳውን ነው የምታመጡት» አለች። ብርቄም ፈራች፤ እኔም ፈራሁ። ማስተዋል ብቻ «አባዬ፣ ቀጠሮው አይለፍህ» ትላለች። እናትና ልጅ ተኳረፉ። አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ በእኔ በኩል ካልሆነ አይነጋገሩም፤ «ንገራት» «ይንገሯት» እያሉኝ። ሕመሙ ያልጎዳኝን ያህል ይህ ጎዳኝ።

በመጨረሻ ጸበል እገባለሁ ብዬ ወደ ጣራ ገዳም ሄድኩ። ቀጠሮውን ላሳልፈው ወስኜ ነው የወጣሁት። እዚያ ከድሮ ጀምሮ የማውቃቸው አረጋዊ መነኩሴ አሉ። ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገሬን ሰሙና ጠየቁኝ።

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ይቀደድ ብሎ ቀጥሮኛል አባ፤ የፊታችን ሰኞ።»

«ታዲያ ሰኞ የት ነህ?»

«ጸበሉን ልጠመቅ ብዬ እዚሁ…»

«ጸበሉ እግር የለው፣ የትም አይሄድ። ዛሬ ተጠመቅ፣ ነገም ተጠመቅ፣ ሰኞ ሐኪምህ ጋ ሂድ። ድነህ ደግሞ መጥተህ ታመሰግናለህ። የሐኪሙን እጅ ሌላ አምላክ የፈጠረው መሰለህ እንዴ?»

ተጠምቄ ቤት ተመለስኩ። ለብርቄ ይህንኑ ነገርኳት። እሷም ማስተዋልን በስሟ ጠርታ «ልጄ፣ የአባትሽን ጋቢ እጠቢልኝ፤ ይዘን እንሄዳለን» አለቻት። እርቃቸው ይኸው ነበር።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለፈ። ስነቃ አፌ ደርቆ፣ ሆዴ በፋሻ ተጠፍሮ አገኘሁት። ከጎኔ የተኛው ሰው እናት ከደንቢያ የመጡ ናቸው፤ ለልጃቸው ያመጡትን ነጠላ አጥፈው ከራሴ ሥር አደረጉልኝ። ማን እንደሆንኩ አያውቁም። እንዲህ ዓይነቱን ደግነት ሰው ጤነኛ ሆኖ ልብ አይለውም።

በማግስቱ ሲስተር ትዕግሥት የምትባል ነርስ መጥታ «ይነሡ የኔታ፣ እንሂድ» አለችኝ። ብርቄ ብድግ አለች።

«ወዴት? ገና ትናንት የተቀደደ ሰው!»

«እስከ በሩ ነው እማማ። ተኝቶ የሚውል በሽተኛ ደሙ ይረጋል፣ ሳንባው ይታፈናል፣ አንጀቱም ሥራ አይጀምርም።»

በእሷ ትከሻ ተደግፌ እስከ በሩ ሄድኩ። ስመለስ ዓለም ዞሮብኝ ነበር። ግን ሄድኩ።

ከበሽታው ይልቅ ያደከመኝ ኬሞው ነው። በየተወሰነ ሳምንት ባሕር ዳር እየሄድኩ ወንበር ላይ ተቀምጬ መድኃኒቱ በደም ሥሬ ይንጠባጠባል። ቤት ስመለስ ምግብ ይሸተኛል፤ እጅና እግሬ ይደነዝዛል። ቀዝቃዛ ነገር ስነካ ጣቴን እሾህ እንደወጋው ይነዝረኛል። ጸናጽሉን በማለዳ ሳነሣ ብረቱ ስለሚቀዘቅዝ ያስጮኸኝ ነበር። ጾመ ነቢያትም ገብቶ ነበርና ሐኪሞቹ እንቁላልና ወተት ብላ አሉኝ። የንስሐ አባቴ ፈቀዱልኝ፤ ሆኖም ሰው ሁሉ በሚጾምበት ወር ወተት መጠጣት ለእኔ ከመድኃኒቱ ይመር ነበር። ወጪውን የጤና መድኑ ከፊሉን ሸፈነልን፤ ለቀረው ጊደራችንን ሸጥን።

ከአልጋ መውረድ አቆምኩ። ብርቄ ደስ አላት። በእኛ አገር የታመመ ሰው ይተኛል፤ ጠያቂው ይመጣል፤ «ደህና ተኝቷል» ይባላል። በቀጣዩ ቀጠሮ ሲስተር ትዕግሥት ስታየኝ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«የኔታ፣ እግርዎ ሳስቷል። እየተንቀሳቀሱ ነው?»

«በምን አቅሜ?»

«ይስሙኝ። በዓለም ላይ ይህን በሽታ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ። የአንጀት ካንሰር ታክመው ሰውነታቸውን አዘውትረው የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ጉልበታቸው ቶሎ ይመለሳል፤ በሽታው ተመልሶ የመምጣት ዕድሉም ይቀንሳል እያሉ ነው። መድኃኒቱን አይተካም፤ መድኃኒቱን ያግዛል። ስለዚህ አካላዊ እንቅስቃሴ ይሥሩልኝ።»

«እኔ ስፖርት የት አውቅና ልጄ! ቁምጣ ለብሼ ልሩጥ?»

ሳቀች። «ጤነኛ ሳሉ ሰውነትዎ ምን ይሠራ ነበር?»

«ማሕሌት ይቆማል።»

«እንዴት? ያሳዩኝ።»

መቋሚያዬን ለመደገፊያ ይዤው ነበር። ተነሣሁ። መጀመሪያ ቀስ ብዬ ዝማሜውን አሳየኋት፤ መቋሚያውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ጉልበት ሰበር፣ ትከሻ ቀና። ዜማው ሲመጣ ሰውነቴ ሳላዘው ተከተለው። ትንፋሽ አጠረኝና ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ክፍት ነበርና ተራ የሚጠብቁት ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ፤ አንዲት ፀጉራቸው የረገፈ እናት እልል አሉ።

ሲስተር ትዕግሥት እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። «ክንድ አለ፣ ወገብ አለ፣ ጉልበት አለ፣ ትንፋሽ አለ። የኔታ፣ እኔ ከዚህ የተሻለ ማዘዝ አልችልም። በየቀኑ ይህንኑ ያድርጉ፤ ሲደክምዎ ይቀመጡ፤ ቁስልዎን ካመመዎ ያቁሙ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ በእግርዎ ይሂዱ። አንድ ነገር እንዳይረሱ፤ ትኩሳት ከተሰማዎ አንድ ቀን ሳያድሩ ይምጡ። ኬሞው በሽታ የሚከላከሉትን የደም ሕዋሳት ስለሚቀንስ ትንሽ ትኩሳት ብዙ ነገር ነው።» ይህን የመጨረሻውን ለብርቄም ደግማ ነገረቻት።

ቤት ገብቼ በነጋታው መቋሚያዬን ሳነሣ ጦርነት ተነሣ።

«ኧረ በእግዚአብሔር ይተኙ! የታመመ ሲተኛ ነው የሚያምርበት። ሰው ሲያይ ‹ብርቄ ባሏን አስጨፍራ ገደለችው› ይለኛል።»

«አንቺ፣ ሲስተሯ ያለችውን ሰምተሽ የለ?»

«ሰምቻለሁ። እሷ ግን ጎረቤት የላትም፤ እኔ አለኝ።»

እውነቷን ነው፤ ወሬው ከእኔ ይልቅ እሷን ነው የሚያገኛት። እንግዲያው ከጓዳ ሆኜ በዝግታ ጀመርኩ። እሷም በር ላይ ቆማ ሰው እንዳይገባ ትጠብቃለች፤ ተቆጥታ።

በዚህ መሐል ነው ትኩሳቱ የመጣው። የወባ ወቅት ነበር። ሩዝ አጨዳው ተጀምሮ በየቤቱ ሰው በወባ ይንቀጠቀጣል። እኔም ረፋድ ላይ አንቀጠቀጠኝ። ጠያቂው ሁሉ «ወባ ናት፤ ክኒኗን ይውሰዱ፣ ተሸፋፍነው ይተኙ፣ ነገ ይነሣሉ» አለ። እኔም ወባን ከልጅነቴ አውቃታለሁና ተስማማሁ። ብርቄ ግን እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ከተሰበሰበው ሰው መሐል ብድግ ብላ፣ «አይ፤ ያቺ ልጅ ሳያድር ብላኛለች» አለች።

«ብርቄ፣ ወባ እኮ ነው» አለ አንዱ።

«ወባ ከሆነ እዚያው ይንገሩኝ።»

እህቷ ቀሚሷን ይዛ ለመነቻት፤ አልሰማቻትም። ባጃጅ ጠርታ፣ ከወረታ መኪና ይዘን ባሕር ዳር ገባን። ደሜን መረመሩት። ወባ የለም። በሽታ የሚከላከሉት ሕዋሳት ወርደው ደሜ ውስጥ ሌላ ኢንፌክሽን ገብቶ ነበር። በደም ሥር መድኃኒት ጀመሩልኝ። ሐኪሙ ብርቄን አያትና «እናቴ፣ ነገ ብትመጡ ኖሮ በሕይወት አላገኛቸውም ነበር» አላት። እሷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ብቻ አየሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ብርቄ የሲስተር ትዕግሥት ወታደር ሆነች። አገግሜ ቤት ስገባ መቋሚያዬን ራሷ አቀበለችኝ፤ ብረቱ እንዳይነዝረኝም የጸናጽሉን እጀታ በጨርቅ ጠመጠመችልኝ። ጓዳውን ትተን ግቢ ወጣን። ጠዋት ጠዋት በታጨደው ሩዝ መሐል፣ በመደቡ ዳር ተከታትለን እንሄዳለን። ከብት የሚያሰማራው ሁሉ ቆሞ ያየናል። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤት «ብርቄ፣ በሽተኛ ይዘሽ የት የት ትያለሽ?» ስትላት ሰማሁ። «ነይና አብረሽን ሂጂ፤ አንቺም ጉልበቴን ትይ የለ?» አለቻት። ሰንብታ መጣች።

ሁሉም ቀን የቀና አልነበረም። ኬሞ በወሰድኩበት ሳምንት ከበር አላልፍም ነበር። አንዳንድ ቀን ዝማሜውን ጀምሬ ማስመለስ ይቀድመኛል። ግን ሲስተር እንዳለችው አንዱ ቀን ሲበላሽ የሚቀጥለውን አልተውኩም። ጉልበቴ መመለሱን ያወቅሁት በሚዛን አልነበረም፤ አንድ ጠዋት ብርቄ ከኋላዬ «ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ደከመኝ!» ስትለኝ ነው።

ኬሞው አለቀ። ሐኪሞቹ ደሜንም ሆዴንም ደጋግመው መርምረው የሚታይ በሽታ የለም አሉኝ። ክትትሉ ግን ገና ለዓመታት ይቀጥላል፤ ቀጠሮዬን አላሳልፍም። የጣቶቼ መደንዘዝ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። በደብራችን ዓመታዊ ክብረ በዓል ግን ማሕሌቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆምኩ። የቀኙን ረድፍ እየመራሁ፣ ተማሪዎቼ በግራ በቀኝ እየመለሱልኝ። ልቤ ሞልቶ ነበር። ጣራ ገዳምም ወጥቼ አመሰገንኩ። አባ ጠባሳዬን ማየት ፈልገው አሳየኋቸው፤ «ጥሩ ሰፍቷል» አሉ፤ በቃ።

አሁን ሐኪም ቤት የምሄደው ለራሴ ብቻ አይደለም። በቅርቡ ይፋግ ገበያ ሄጄ ሳለ አያ ጌታነህ የሚባል ሩዝ ነጋዴ ወደ ጥግ ሳበኝ። ሰፊ ሰው ነው፤ ሲስቅ ገበያው ይሰማዋል። ያን ቀን ግን በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው።

«የኔታ፣ ያው የእርስዎ ነገር… እንዴት ነበር የጀመረው?»

«ደም ታያለህ?»

ግራ ቀኝ አየ። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ቆየ። ለሰው እንዳይነግሩብኝ።»

«አልነግርም። ነገ ግን ወረታ እንገናኛለን።»

አልመጣም። በሳምንቱ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ሚስቱ ነገሩን የሰማችው ያኔ፣ ቃሌን አፍርሼ ስነግራት ነው፤ ገብታ ጋቢውን አውጥታ ትከሻው ላይ ጣለችለት። ያ ወጣት ሐኪም እሱንም አይቶ ወደ ካሜራው ላከው። ባሕር ዳር እኔ የተቀመጥኩበት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ያ ትልቅ ሰውዬ መዳፉን በመዳፉ ያሻል። ካሜራውን ሲያዩለት ውጭ ሆኜ ጠበቅሁት፤ ለራሴ ከጠበቅሁት ይልቅ ረዘመብኝ።

ሲወጣ ፊቱ የሚነበብ አልነበረም። አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«ኪንታሮት ነው አሉኝ።»

«ኪንታሮት ብቻ?»

«ኪንታሮት ብቻ። ሌላው አንጀትህ ንጹሕ ነው አሉኝ።» ድምፁ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ከፍ አለ። «የኔታ! ለኪንታሮት ነው ባሕር ዳር ድረስ ያንከራተቱኝ? ለኪንታሮት ነው ያን ሁሉ ገመድ ያስገቡብኝ?»

«አዎ» አልኩት። «ኪንታሮት መሆኑን እንድታውቅ።»

ለአፍታ አፈጠጠብኝ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ፤ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ዞሮ አየን። የሚስቀው ሰውዬ ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ ነበር። ከአግዳሚው ጫፍ ጎልማሳ ሰው ተነሥቶ ወደ እኛ ቀረበና፣ «አባቶቼ፣ ምርመራው ያማል?» ብሎ ጠየቀን።

አያ ጌታነህ ቦታ ለቀቀለት። «ና ተቀመጥ፣ ልንገርህ» አለው።